እጅ ሲያጥር የሚወጣ አሥራት፦ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ ቄሶቻችንና ራቢዎቻችን፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፦

እንኳን በሰላም መጣችሁ። በእስራኤል ካሉ ከተሞች፣ ከአሽቀሎንና ከቂርያት ጋት፣ ከነታንያና ከአፉላ፣ አንዳንዶቻችሁም የሌሊት ፈረቃችሁን ጨርሳችሁ ሳትተኙ፣ ከሮሽ ሃሻና፣ ከአዲስ ዓመት፣ በፊት ባለው በዚህ በኤሉል ወር ለዓመታዊ ጉባኤያችን ስለተገኛችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም ከልብ አመሰግናለሁ። የዓመቱን ገቢና ወጪ ገንዘብ ያዣችን ከእኔ ቀጥለው ስለሚያቀርቡ ወደ እርሱ አልገባም። እኔ የምናገረው በሒሳብ መዝገቡ ላይ ስለማይታይ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም ኑሮ በከበደበት ቤት ውስጥ ከደመወዝ ላይ አሥራት ስለማውጣት ነው።

ርእሱን የመረጥሁት አባላት ራሳቸው ይዘውት ስለመጡ ነው። አንዱ ለወራት ሚሉኢም፣ የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት፣ ላይ ቆይቶ ሲመለስ ደንበኞቹ ተበትነው የጠበቁት ቤት ቀቢ ነው። ሌላዋ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እናት ስትሆን፣ የሚሽካንታዋ፣ የቤት ብድሯ፣ ወርኃዊ ክፍያ ከፍ ብሎባት ደመወዟ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ17 ወደ 18 በመቶ ሲያድግ፣ በገበያው ላይ የተሰማው ጭማሪ ለእነዚህ ቤቶች ተራ ነገር አልነበረም። ሁለቱም ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «እስከ ዛሬ ማዓሰሬን፣ አሥራቴን፣ አጓድዬ አላውቅም፤ አሁን ግን እጄ አጠረ፤ ባቆም ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» ይህ ጥያቄ ተድበስብሶ መታለፍ የለበትም፤ ሃላካው፣ የአይሁድ ሃይማኖት ሕግ፣ በጉዳዩ ላይ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ዝርዝርና ርኅራኄ ያለው በመሆኑ፣ በሸንጎ ፊት በግልጽ መነገር ይገባዋል።

በመጀመሪያ የኦሪቱን አሥራት ከደመወዝ አሥራት እንለየው። በኦሪት ዘኍልቍ ለሌዋውያን የተሰጠው አሥራትም ሆነ በዘዳግም ምዕራፍ 14 በየሦስተኛው ዓመት ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ እንዲቀመጥ የታዘዘው አሥራት ከእርሻ ምርት የሚወጣ ነው። ከእርሱም ጋር የእርሻውን ዳር ሳያጭዱ መተው፣ የወደቀውን ቃርሚያ አለመልቀም፣ የተረሳውን ነዶ ለመውሰድ አለመመለስ የሚሉት ሥርዓቶች አሉ። አባቶቻችን ቤተ እስራኤላውያን በጎንደር፣ በሰሜንና በወገራ ኦሪትን በግእዝ ሲያነቡና ሲያስነብቡ ኖረዋል። የሚያርሱት መሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው አልነበረም፤ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ርስት እንደተነፈጉ ይነገራል፤ ከዚያም በኋላ በጭሰኝነት፣ በቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና እየተዳደሩ ነው ሃይማኖታቸውን ያቆዩልን። በችግር ውስጥ ሆኖ ለሌላው ማካፈል እዚህ አገር ስንደርስ የተማርነው አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ያህል ነው ይህን ያነሣሁት።

ከገንዘብ ገቢ ላይ አንድ አሥረኛ የማውጣቱ ሥርዓት፣ ማዓሰር ከሳፊም የምንለው፣ የራቢዎች የሕግ መጻሕፍት ከሆኑት ከሚሽናና ከታልሙድ ትምህርት ጋር ወደ ቤታችን የገባው ግን በአብዛኛው ልጆቻችን ከትምህርት ቤትና ከየሺቫ፣ ከሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ ይዘውልን ሲመጡ ነው። መሠረቱ ከአባታችን አብርሃም፣ ለመልከ ጼዴቅ ከሁሉ አሥራት ከሰጠው፣ እንዲሁም ከያዕቆብ፣ በቤቴል «ከምትሰጠኝ ሁሉ ለአንተ አሥራት አወጣለሁ» ብሎ ከተሳለው ነው። ሊቃውንቱ ይህ የገንዘብ አሥራት የግዴታ ሕግ ነው ወይስ የከበረ ልማድ በሚለው ላይ ተከራክረዋል፤ ልማድ ነው ያሉት ታላላቅ መምህራን ብዙ ናቸው። ክርክሩ የየሺቫ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ደመወዙ ለጎደለበት ሰው ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው መልካም ልማድን ደጋግሞ ከያዘው እንደ ስእለት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። አሥራት ማውጣት የሚጀምር ሰው አስቀድሞ «ብሊ ኔደር»፣ ማለትም ስእለት ሳይሆንብኝ፣ ብሎ ይጀምር። ይህን ሳይል ለዓመታት ሲያወጣ ኖሮ አሁን ያቃተው ደግሞ ዝም ብሎ ከመቅረት ይልቅ ከራቢው ጋር ተመካክሮ በሦስት ሰዎች ፊት ስእለቱን ያስፈታ። ከሮሽ ሃሻና በፊት ስእለት የማስፈታት ልማድ ስላለ ወሩ ራሱ የተመቸ ነው።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። ራምባም፣ ታላቁ የሕግ ሊቅ ራቢ ሞሼ ቤን ማይሞን፣ ስለ ድሆች ስጦታ በጻፉት ሕግ ምዕራፍ 7 ላይ መለኪያውን አስቀምጠዋል፤ ከሀብቱ አንድ አምስተኛውን የሚሰጥ የተመረጠውን ፈጸመ፣ አንድ አሥረኛውን የሚሰጥ መካከለኛ ነው፣ ከዚያ በታች የሚሰጥ ግን ዓይኑ ክፉ ነው ይላሉ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ድሀውም የሚደነግጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ሁለት ተጨማሪ ድንበሮች አሉ። አንደኛው የላይኛው ጣሪያ ሲሆን፣ በገሊላ በኡሻ ከተማ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ሰጪው ራሱ ተቸግሮ ወደ ሰው እጅ እንዳይመለከት ከአንድ አምስተኛ በላይ አይበትን ብለው የደነገጉት ነው። ሁለተኛው የታችኛው ወለል ነው፤ ማንም ሰው፣ በጸዳቃ፣ በምጽዋት፣ የሚተዳደረው ድሀ እንኳ ሳይቀር፣ በዓመት ከሼቄል ሲሶ ያነሰ መስጠት የለበትም። ይህ ሼቄል ዛሬ በኪሳችን ያለው ሳይሆን የጥንቱ የብር ገንዘብ ነው፤ ቢሆንም ለዓመት ሲካፈል እጅግ ትንሽ ነው፤ ትንሽ የተደረገውም ማንም እንዳይቀርበት ታስቦ ነው።

ታዲያ በወለሉና በአሥራቱ መካከል ያለው ሰው ምን ያድርግ? በሹልሃን ዓሩኽ፣ በሃላካው የሕግ መድብል፣ ላይ በክራኮቭ የነበሩት ራቢ ሞሼ ኢሰርለስ የጻፉት ማስታወሻ መልሱን ይሰጠናል፤ የራስ መተዳደሪያ ከማንም መተዳደሪያ ይቀድማል፤ ሰው መተዳደሪያው እስኪሟላለት ድረስ ጸዳቃ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ከተሟላለት በኋላ አባቱንና እናቱን፣ ከዚያ ልጆቹን፣ ከዚያ ወንድምና እኅቶቹን፣ ከዚያ ሌሎች ዘመዶቹን፣ ከዚያ ጎረቤቶቹን፣ ከዚያም የከተማውን ሰዎች ያስቀድማል። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ስነግራቸው «ታዲያ በታልሙድ በጊቲን ክፍል ላይ ሊቁ ማር ዙትራ ከጸዳቃ የሚበላ ድሀ እንኳ ጸዳቃ ይስጥ ያሉት የት ቀረ?» ይሉኛል። የትም አልቀረም። ድሀው የሚጠየቀው ያችን ጥቂቷን ነው፤ አሥራት ግን መተዳደሪያው ከተሟላ ሰው የሚጠበቅ መጠን ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ነው ሰዉን ያሳመመው። የልጆቹን እራት ቀንሶ አንድ አሥረኛ ያወጣ ሰው ያልታዘዘውን ፈጽሞ የታዘዘውን ጥሏል ብል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,247 ሼቄል ከ67 አጎሮት ሆኖ ነበር። ተቀናናሾቹን ለጊዜው ብንተዋቸው የዚህ አንድ አሥረኛ ወደ 625 ሼቄል ግድም ነው። አሁን በዚህ ደመወዝ የምትተዳደር አንዲት የቤተሰብ ኃላፊ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ደመወዙ በገባበት ዕለት ባንኩ ያለፈውን ወር ሚኑስ፣ ከሒሳቡ በላይ የወጣውን ዕዳ፣ ይሸፍንበታል፤ በማግሥቱ የቤት ኪራይ ይቆረጣል፤ በሳምንቱ መብራትና አርኖና፣ የከተማው አስተዳደር ግብር፣ ሲከፈል ሒሳቡ ተመልሶ ሚኑስ ውስጥ ይገባል። ይህች ሴት በወሩ ሃያኛ ቀን 625 ሼቄል ለማዓሰር ብታወጣ ያወጣችው ከገቢዋ ሳይሆን ከባንኩ ብድር ነው፤ በዚያም ላይ ወለድ ትከፍላለች። ድሀዋ ለጸዳቃ ብላ ለባንክ ወለድ የምትከፍልበትን ሒሳብ እኔ በበኩሌ በየትኛውም የሃላካ መጽሐፍ ውስጥ አላየሁትም። የሚሰላው ግብርና ብሔራዊ ኢንሹራንስ ከወጣ በኋላ በእጅ ከገባው ላይ መሆኑን፣ ነጋዴ የሆነም የሥራ ወጪውን ቀንሶ ከትርፉ ላይ እንደሚያሰላ መጨመርም ያስፈልጋል፤ ሙሉውን የደመወዝ ወረቀት፣ ትሉሹን፣ አይቶ የሚያሰላ አባል አሁንም አለና።

ዕዳን በሚመለከት የሚሽና ፔአ ምዕራፍ 8 የሚለውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የልብ የሚያደርሰው እርሱ ነው። 200 ዙዝ፣ የጥንት የብር ገንዘብ፣ ያለው ሰው ከድሆች ድርሻ አይውሰድ ይላል። 199 ካለው ግን ሺህ ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢሰጡት እንኳ ይውሰድ። ቀጥሎም 200 ዙዙ በእጁ ቢኖርም ለአበዳሪው ወይም ለሚስቱ ከቱባ፣ ለጋብቻ ውሏ ክፍያ፣ መያዣ የሆነ እንደሆነ ይውሰድ ይላል። ቤቱንና የቤት ዕቃውን እንዲሸጥም አያስገድዱትም። ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ሕግ፣ በሰው እጅ ያለ ገንዘብ ሁሉ የእርሱ እንዳልሆነ፣ የአበዳሪ የሆነው ከሒሳብ መውጣት እንዳለበት ተረድቶታል። ቤት አለውና ሀብታም ነው፣ መኪና አለውና አልተቸገረም እያሉ የሚተቹ ሰዎች በመካከላችን ስለማይጠፉ ይህን ሚሽና ደጋግሞ ማንበብ ጥሩ ነው።

በነቢዩ ሚልክያስ «አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ፤ በዚህም ፈትኑኝ» የሚል ቃል አለ፤ በታልሙድ በታዓኒት ክፍልም ሊቃውንቱ አሥራት የሚያወጣ እንደሚበለጽግ ተናግረዋል። ቃሉን አምናለሁ። ያሳዘነኝ ግን አንዳንዱ ሰው ይህን ቃል ይዞ ሥራው የፈረሰበትን ወንድም «ያጣኸው ማዓሰር ስላጓደልህ ነው» ሲለው መስማት ነው። ነቢዩ የገሠጸው ማግባት እየቻለ የከለከለውን ነው። ለተራበ ሰው በረከት እንደ ዕቃ በቅድሚያ ክፍያ የሚገዛ አስመስሎ መንገር ሌላ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለው ምክር ከማኅበራችን አባላት አፍ እንዲወጣ አልፈልግም።

ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስሁ። የእኛን ሰው በዚህ ጉዳይ የሚጎዳው የሕጉ ክብደት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሰርግ ላይ፣ ባር ሚጽቫ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ገንዘብ ሲሰበሰብ ስም እየተጠራ፣ መጠኑ በድምፅ ማጉያ እየተነገረ ነው። «አቶ እገሌ 500» ከተባለ በኋላ ቀጥሎ ያለው 100 ለማለት ይከብደዋል፤ የሌለውን ይሰጣል፤ በማግሥቱ ከዘመድ ይበደራል፤ የሆነውንም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይይዘዋል። ራምባም እዚያው ምዕራፍ 7 ላይ ይህን ሰው በቀጥታ ያነሡታል። ከሚገባው በላይ የሚሰጥ ለጋስ ወይም እንዳያፍር ብሎ ራሱን አስጨንቆ ለሰብሳቢዎች የሚሰጥ ሰው ከሆነ፣ ከእርሱ መጠየቅም መሰብሰብም የተከለከለ ነው ይላሉ። እያሳፈረ የሚጠይቀው ሰብሳቢም በትንቢተ ኤርምያስ «የሚያስጨንቁአቸውንም ሁሉ እቀጣለሁ» በሚለው ቃል ሥር እንደሚወድቅ ያስጠነቅቃሉ። ልብ በሉ፤ ጥፋቱ የተቆጠረው በሰብሳቢው ላይ ነው። እኛ በኮሚቴው የተቀመጥን ሰዎች ይህን ስናነብ ንግግሩ ለእኛ መሆኑ ሊሰማን ይገባል።

ቤተ መቅደሱ በነበረበት ዘመን በኢየሩሳሌም የምስጢረኞች ክፍል የሚባል ቦታ እንደነበረ ሚሽና ሸቃሊም ይነግረናል። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ገብተው በምስጢር ያኖሩ ነበር፤ ከጨዋ ቤተሰብ ተወልደው የተቸገሩም ገብተው በምስጢር ይወስዱ ነበር። ሰጪው ተቀባዩን፣ ተቀባዩም ሰጪውን አያየውም። የጸዳቃ ሣጥንም በሁለት ሰዎች ይሰበሰብ፣ በሦስት ሰዎች ይከፋፈል የሚል ሥርዓት ነበረው፤ ማከፋፈል እንደ ፍርድ ስለሆነ። የሥራ አመራር ኮሚቴው ዛሬ የሚያቀርበው የመጀመሪያው የውሳኔ ሐሳብ ከዚህ የተወሰደ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በማኅበሩ ስም በሚደረግ ማንኛውም ስብሰባ ላይ የሰጪ ስምም ሆነ መጠን በድምፅ እንዳይነበብ፣ መዋጮ በተዘጋ ፖስታ ወይም በባንክ እንዲገባ፣ ከሣጥኑ የሚሰጠውንም ሦስት ሰዎች ብቻ እንዲያውቁት።

ከእናንተ መካከል ብዙዎች ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ፣ ዓሊያቸውን፣ ወደ እስራኤል መግባታቸውን፣ ለሚጠባበቁ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ገንዘብ ትልካላችሁ። የተቸገረ ዘመድ ከተማው ቢርቅም ዘመድ ነው፤ ቀደም ብዬ በጠቀስሁት ቅደም ተከተል ከጎረቤትና ከከተማ ድሀ ይቀድማል፤ ስለዚህ የምትልኩትን ከማዓሰራችሁ ላይ ስለ መቁጠር ራቢያችሁን ጠይቁ፤ ጠይቃችሁ እንደ ተፈቀደላችሁ የነገራችሁኝ አላችሁና። ይህን ሳያውቁ ለዘመድ ሙሉውን ልከው ሌላ አንድ አሥረኛ ደግሞ ለዚህ ከተማ ለማውጣት ራሳቸውን የሚያስጨንቁ ሰዎች አሉ። ወላጆችን በተመለከተ፣ አቅም ያለው ልጅ አባቱን ከድሆች አሥራት መመገቡ እንደ ነውር ተነግሯል፤ አቅም ለሌለው ግን የተፈቀደ ነው። ለራስ ልጆች ትምህርት የሚከፈለው ግዴታ ወይም አስቀድሞ የተሳሉት ስእለት ግን ከማዓሰር አይከፈልም፤ በፑሪም በዓል ለሁለት ድሆች የሚሰጠው ስጦታም እንዲሁ ነው።

ከመስጠት ይልቅ መቀበል ለሚከብዳቸው አንድ ቃል አለኝ። ራምባም በምዕራፍ 10 ሰው ሰንበቱን እንደ ተራ ቀን አድርጎም ቢሆን ወደ ሰው እጅ እንዳያይ ራሱን ያስጨንቅ ይላሉ፤ ይህን ሁላችንም እንወደዋለን። ነገር ግን ወረድ ብለው፣ ሽማግሌ ወይም በሽተኛ ሆኖ ካልተቀበለ መኖር የማይችል ሰው በኩራት አልቀበልም ቢል ደም እንዳፈሰሰ ይቆጠራል ብለዋል፤ ይህን ደግሞ ስንጠቅሰው አልሰማም። የታመሙ አዛውንቶቻችን መድኃኒት በግማሽ እየዋጡ ለሲናጎግ ሣጥን ሲያዋጡ እያወቅን ዝም ማለታችን ለእነርሱ አክብሮት አይደለም።

በዚያው ምዕራፍ ከስምንቱ የጸዳቃ ደረጃዎች ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ሰው ሳይወድቅ በፊት በስጦታ፣ በብድር፣ በሽርክና ወይም ሥራ በማስገኘት እጁን ማጽናት ነው። ሁለተኛው የውሳኔ ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፤ በማኅበራችን ውስጥ ያለ ወለድ የሚያበድር ገማኽ እንዲቋቋም። እናቶቻችን እቁባቸውን እዚህም አገር ሳያቋርጡ ስለያዙት እርስ በርስ በመተማመን ገንዘብ መያዝ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ገማኹ ግን ዕጣ ሳይጠብቅ የተቸገረውን የሚያስቀድም ይሆናል። በሚኑስ የሚኖር አባል የባንኩን ዕዳ በእርሱ ዘግቶ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢከፍል፣ በሚቀጥለው ዓመት ማዓሰሩን ከገዛ ገቢው ላይ ሊያወጣ ይችላል። ለገማኹ መነሻ የሚሆነው ገንዘብ አቅም ካላቸው አባላት የሚመጣ ነው። በገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 46 መሠረት ለተፈቀደለት ማኅበር የሚሰጥ ስጦታ፣ ከተወሰነው ዝቅተኛ መጠን ካለፈ፣ 35 በመቶው ከግብር ላይ ይታሰብለታል፤ ነገር ግን ገቢው ግብር ከሚጀምርበት መጠን በታች የሆነ ሰው ከዚህ ምንም አያገኝም። ስለዚህ ግብር የምትከፍሉ ወጣቶቻችን፣ በተለይ በሃይ ቴክና በሕክምና ሙያ ያላችሁ፣ ከፍ ያለውን ድርሻ እንድትሸከሙ እጠይቃለሁ፤ አንድ አምስተኛ የተባለውም እናንተን ለመሰሉ ሰዎች ነው።

ሦስተኛው ሐሳብ አጭር ነው። ወርኃዊ መዋጮው ያቃተው አባል ከአባልነት እንዳይሰረዝ፣ ለገንዘብ ያዣችን በስልክ አሳውቆ የቻለውን፣ አሥር አጎሮትም ብትሆን፣ እየከፈለ መብቱ እንዲጠበቅለት የመተዳደሪያ ደንባችን ይሻሻል የሚል ነው። የማሻሻያው ጽሑፍ በአማርኛና በዕብራይስጥ ተዘጋጅቶ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል።

ሦስቱም ሐሳቦች ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ለውይይት ይቀርባሉ፤ ድምፅም የሚሰጠው በምስጢር ወረቀት ነው። በራሳችሁ ቤት ጉዳይ ላይ የሃላካ ጥያቄ ያላችሁ ከምሳ በኋላ በጎን ክፍሉ ውስጥ ራቢዎቻችን ለየብቻ ያነጋግሯችኋል፤ እዚያ የሚነገረው በኮሚቴው አይመዘገብም። አሁን ጉባኤው መከፈቱን እየገለጽሁ፣ ታላቁን ቄሳችንን በጸሎት እንዲባርኩን፣ ከዚያም ገንዘብ ያዣችንን ሪፖርታቸውን እንዲያቀርቡ በአክብሮት እጋብዛለሁ።